በለቅሶ ቤታችን ስለተጨበጨበው ጭብጨባ

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ ጎብኚዎችና የሕዝብ ለሕዝብ ወዳጅነት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎ ደህና፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እንቅልፍዎ አጥብቄ የምጠይቀው የእኛው ከቤት ከጠፋ ስለሰነበተና ምናልባት እርስዎ ዘንድ ሄዶ ከሆነ በክብር እንዲይዙልን ብዬ ነው።

ከረሱኝ ላስታውስዎ። በጽሕፈት ቤትዎ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ስብሰባውንና ጉብኝቱን ሲጨርሱ «የተራ ሰው ኑሮ» እንዲያዩ ከሚወሰዱባቸው ቤቶች አንዱ ደግሞ የወላጆቼ ነበር። አባቴ የሞተው እንግዶቹ ቤታችን እንዲመጡ በተያዘው ቀን ዋዜማ ነው። ወዲያው ደውዬ ለጽሕፈት ቤቱ ተናግሬያለሁ፤ ስለዚህ «አላወቅንም» የሚለውን ምክንያት ለመፈለግ እንዳይደክሙ ከወዲሁ አሳርፌዎታለሁ። ከዚህ ቀጥሎ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ማጽናኛ ስልክዎ አመሰግናለሁ። ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ሆነው ሳለ እርስዎ ራስዎ ለእናቴ ደውለው ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ፣ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ሐዘኗን ሊካፈሉ እንደሚመጡ ነገሯት። እናቴም ከተኛችበት ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ ለእነሱ የሚሆን ቦታም ከአጠገቧ አስለቀቀች። ለእንግዶቹ ግን በዚያ ቤት ሰው መሞቱን የነገራቸው አልነበረም። ፕሮግራሙ ታትሟላ! የታተመ ፕሮግራም ለአንድ ሬሳ ተብሎ አይሰረዝም።

፪ኛ፦ ባልደረቦቼ «አቶ ፕሮግራም» የሚሏቸውን አስተባባሪዎን ስለላኩልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጎረቤቶቻችን ከግቢው በር ጀምሮ በተዋስናቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በዕድሜ የገፉ መምህርት፣ ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደተሰበሰበ ጠየቁ። አቶ ፕሮግራም ዓይናቸውን ሳያሹ ሰፈሩ እናንተን ሊቀበል ነው የወጣው አሉ። ጥቁር መልበሳቸውስ ለምንድን ነው ሲባሉ፣ የክብር ልብሳቸው ነው ብለው መለሱ። እኔ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው፣ ትርጉም እንዲህ ቀላል ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ከጓዳ ሆኜ እሳቸውን ስሰማ ነው።

፫ኛ፦ ስለ ጭብጨባው። እናቴ የመምህርቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች፣ «እናንተ የማታውቁት ሰው ለሆነው ለባሌ ብላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ መጣችሁ፤ እግዜር ያክብራችሁ» አለች። አቶ ፕሮግራም ይህን፣ በመምጣታችሁ ቤቴ በደስታ ተሞላ ትላለች ብለው ተረጎሙት። እንግዶቹም ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺያችሁም ያንን የሚያለቅስ የእናቴን ፊት አነሳ። እኔ ከጓዳ ስወጣ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ምነው አጨበጨቡ?»

ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ጥያቄ ያስቸገረኝ የለም። ወደ እንግዶቹ ዞሬ በቋንቋቸው ነገርኳቸው፤ አባቴ ትናንት እንደሞተ፣ የተቀመጡት ሁሉ ለቅሶ ላይ እንደሆኑ፣ እናቴም ሊያጽናኗት የመጡ እንደመሰላት። እጆቻቸው ባሉበት ቀሩ። አንዱ ወጣት የሚያደርግበት ቢጠፋው እጁን ኪሱ ከተተ። አቶ ፕሮግራም ሰዓታቸውን አዩና መኪናው እየጠበቀ ነው አሉ።

፬ኛ፦ በማግስቱ፣ እንግዶችን በማስደንገጤና ሳልመደብ በመተርጎሜ ከሥራ አሰናበቱኝ። አለመመደቤ እውነት ነው፤ የሐዘን ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ወደፊት ሠራተኞችዎ ወላጆቻቸውን የሚያጡበትን ቀን አስቀድመው ከአስተባባሪው ጋር እንዲነጋገሩበት መመሪያ ቢያወጡ ይህን የመሰለ ችግር አይደገምም።

፭ኛ፦ ሥራውን መልሱልኝ አልልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያን ፎቶ አሳድጋችሁ፣ ከሥሩ «የእንግዳ ተቀባይ እናት ደስታ» ብላችሁ ወደ መንገድ በሚያየው መስኮታችሁ ሰቅላችሁታል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። እናቴ ራሷን ላለማየት ስትል በዚያ በሚያማት ጉልበቷ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሯ ትሄዳለች። አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ባሏ ሲሞትላት ታዋቂ ሆነች ብላ አሽሟጣለች፤ ደግነቱ እናቴ እንዲህ ያለውን ለመስማት ጆሮዋ ደክሟል ብዬ ነበር፤ ሰምታለች። የሞተውን አትመልሱም። ሐዘኗን ግን መልሱላት፤ የእሷ ነው። ፎቶውን አውርዱት።

ካላወረዱት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መስኮትዎ ሥር እቆማለሁ። ለሚያልፈው ሁሉ በአገሩ ቋንቋ፣ ለእንግዶችዎም በየቋንቋቸው፣ ሴትየዋ ለምን እንደምታለቅስ እተረጉማለሁ። ዘብ ቢያስነሳኝ ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ፤ ድምፄ እንደሚሰማ በአዳራሽዎ ብዙ ጊዜ አረጋግጠዋል።

ሕዝብን ከሕዝብ ለማቀራረብ የሚያደርጉት ድካም የሰው ሞት ሳያደናቅፈው እንዲቀጥል እየተመኘሁ፣ ሳልመደብ ለማቀርበው ለዚህ ሁሉ አክብሮት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከሐዘን ፈቃዷ ሳትመለስ የተሰናበተች አስተርጓሚዎ፣
የዚያች «ደስተኛ» እናት ልጅ

ማስታወሻ፦ እኔ የሥራ መታወቂያዬን ልመልስ እርስዎ በር ላይ ቆሜ በነበርኩበት ሰዓት፣ እኚያ መምህርት ከሆቴላቸው ብቻቸውን ወጥተው፣ መንገድ በምልክት እየጠየቁ ቤታችን መጥተው ነበር። አስተርጓሚ አልነበረም። አግዳሚው ላይ ከእናቴ ጎን እስኪመሽ ተቀመጡ፤ እሷ አባቴን እያነሳች ስታለቅስ እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይገባቸው አብረዋት አለቀሱ። ይህን የምነግርዎ በዓመቱ ሪፖርትዎ ውስጥ እንዳያስገቡት ለመለመን ነው። ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ ፎቶ ያነሳም የለም።