ስልቻ ውስጥ የታሰረው ነፋስ

ጥር 18

የእህቴ ልጅ የካሣነሽ ገብስ ዛሬ ተወቃ። በሬዎቹን ፈታን፣ መንሽ አነሣሁ፣ ወደ ላይ በተንሁት። ገለባውን ነፋስ ይወስዳል፣ ፍሬው እግር ሥር ይወርዳል... ደንቡ ይህ ነው። ዛሬ ግን ገለባውም ፍሬውም ራሴ ላይ ወረደ።

“ጋሼ፣ ጺምዎ ገብስ አበቀለ” አለችኝ።

“ከአንቺ ማሳ የተሻለ ሳያፈራ አይቀርም።”

ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ነፋስ ግን የለም። አፏጨሁ። ነፋስ ሲጠፋ ገበሬ ሁሉ ያፏጫል፣ እሱም ይመጣል። ዛሬ አልመጣም። ንፋስ መውጫ ከሚባል ከተማ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ነፋስ ማጣት! የየቤቱ ጭስ እንኳ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ነገ ይነፍሳል።

ጥር 19

አልነፈሰም።

ሲጨንቀኝ እጽፋለሁ። ፊደል ያስተማረኝ የለም። ተማሪዎቹ ሲጮኹ ከአጥር ውጭ ሆኜ የሰረቅሁት ነው። የመጀመሪያ ስርቆቴ እሱ ነው።

ጥር 22

ገበያ ወጣሁ። ጨው ልገዛ ብዬ፤ ወሬ ልለቅም እንጂ። ወዳጄ ዳውድ ጨርቅና ጨው ከሚሸጥበት ተቀመጥሁ።

“ነፋሱማ ታስሯል” አለኝ፣ አቡጀዲ እየለካ።

“ማን አሰረው?”

“ማን ይሆናል? ዝናቡን ያሰረው ነዋ!”

ባላባታችን ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል! በጥምቀት ዕለት አዲስ ባርኔጣ ደፍቶ ከታቦት ኋላ ሲጎማለል ነፋስ አንሥቶ ገደል ጨመረበት። ሕዝቡ ሳቀ። (እኔም ሳቅሁ፤ ምናልባት ትንሽ ጮክ ብዬ።) በማግሥቱ ነፋሱ ከሚወጣበት የተራራ በር ላይ የፍየል ስልቻ ደግኖ ጠበቀው። ሲገባለት አፉን በጠፍር አሰረው።

እንዴት ቻለ? እንጃ። የዘር ነው ይላሉ፤ አባቱም ጉም ያስር ነበር። እሱ ራሱ ካቻምና ለልጁ ሠርግ ዳሱ እንዳይርስ ብሎ ዝናቡን ጋን ውስጥ ከተተው። ሠርጉ አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ አልለቅም አለ። መለመኑ ጥሞታል። ያን ጊዜ አራት ሆነን ሰረቅነው። ወጥ ቤቱ የነበረችው ውባለም በር ከፈተች። ይግዛው የሚባል ጎረምሳ ጋኑን ተሸከመ። ዳውድ በበቅሎው አሸሸ። እኔ ደግሞ ዘበኛውን በወሬ ያዝሁ። ወሬ ቀላል ሥራ እንዳይመስል!

“ታዲያ ሁለተኛ እንግባበታ!” አልሁት።

መቀሱን አስቀመጠ። “አያ ጣሰው፣ በቅሎዬን አይተሃታል? ያን ዝናብ ከተሸከመች ወዲህ ጀርባዋ ላይ ሣር ይበቅላል። የመንገዱ በቅሎ ሁሉ እየተከተለ ይግጣታል። ወላሂ፣ አልሄድም።”

ጥር 24

መጀመሪያ በሕጋዊው መንገድ ልሞክር ብዬ ግራዝማች ደጅ ጠናሁ። አስገባኝ። ራሱ ላይ ነጠላ ጠምጥሟል፤ ባርኔጣ የለም። ስልቻው ከእልፍኙ ወጋግራ ተንጠልጥሏል። አብጧል። አንዳንዴ ይተነፍሳል... እንደ ታመመ በሬ።

እህሉ ሳይነፍስ አውድማ ላይ መቅረቱን ነገርሁት። የእርስዎም ገብስ እኮ ተወቅቶ ተኝቷል አልሁ።

“እኔ ጎተራዬ የዓምና አለው። ነፋሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ እፈታዋለሁ።”

“እንዴት ብሎ ይጠይቅዎ ጌታዬ፣ አፉን አስረውት?”

አሽከሮቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ወጣሁ። ማለቴ... አስወጡኝ።

ካቻምና ከተሰረቀው ግን ተምሯል። ጭነት የያዘ ከብት በበሩ አያልፍም። ስልቻው ሥር ካለው መደብ ላይ ምኝታውን አዘርግቶ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል። ከቤት የሚወጣው ለንግሥ ብቻ ነው ይላሉ።

ጥር 27

በዋድላ በኩል ደመና አየሁ። ትንሽ ነው። ለካሣነሽ አልነገርኋትም። እሷ ግን ከእኔ በፊት አይታዋለች።

“ጋሼ፣ ዘንድሮ በልጉ ይቸኩላል?”

“ደመና ነው ልጄ። ላም ይመስላል፣ ላም አይወልድም።”

አልሳቀችም። ክምሩን በገለባ ሸፍነነዋል። ጤዛ ይችላል፣ ዝናብ አይችልም። ዝናብ አንዴ ከገባው ይበቅላል፣ ይበሰብሳል፤ የልጆቿ የዓመት ቀለብ፣ ዘሯም ጭምር እዚያው ነው። በሰፌድ እናንፍሰው ብላ ጀምራ ነበር። ያን ሁሉ ክምር በሰፌድ? ሰፌዷ ቀድማ ታረጃለች።

ጥር 29

ዳውድ ጨርቅ ሊያደርስ ወደኛ መንደር መጣ። ካሣነሽ ጓሮ ተቀምጣ ገብሱን ከገለባ በጣቷ ትለቅማለች፣ አንድ በአንድ። ለልጆቹ ቆሎ። ቆሞ አያት።

ሲወጣ ሸኘሁት። አጥሩን ካለፍን በኋላ፣

“በቅሎዋን ግን አላመጣትም” አለኝ።

ሁለት ሆንን!

የካቲት 3

ወገዳ ከተማ ደርሼ መጣሁ። ጉልበቴ ይናገራል። ውባለም በዚያ በዝናቡ ነገር ተባርራ እዚያ ጠላ ትሸጣለች። ገና ነገሬን ሳልጨርስላት፣

“የት ነው የሰቀለው?” አለች።

“ወጋግራው ላይ።”

“የትኛው? ባለ ጉጡ ነው? እሱን ከመደቡ ላይ ሆኜ እደርስበታለሁ።”

“አያውቁሽም ወይ ሴትዮ? ያባረሩሽ ቤት እኮ ነው!”

“አያ ጣሰው፣ በድግስ ቀን እንስራ ያዘለች ሴት ፊቷን ማንም አያያትም። እንስራውን ነው የሚያዩት።”

ይህች ሴት ወንድ ብትሆን ኖሮ ደጃዝማች ነበረች። ነገርኋት። “ሴት ሆኜስ ምን ጎደለኝ?” አለች። አፈርሁ።

የካቲት 6

አራተኛው ሰው ግን ችግር ነው። ይግዛው ዛሬ የግራዝማች ዘበኛ ሆኗል! አንዱ በሬው ሲሞትበት ግራዝማች በሬ ሰጠው፣ ጠመንጃ አስያዘው። የመንደሩ ሰው ሰላም አይለውም። እኔም አልለውም ነበር... ዛሬ ወንዝ ዳር አገኘሁትና ሰላም አልሁት።

“አያ፣ ምን እንደሚፈልጉ ዐውቃለሁ። አልችልም። እህሉን በልቻለሁ።”

“ካሣነሽስ ምን ትብላ?”

ድንጋይ ወንዝ ውስጥ ወረወረ።

“በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ጌታው ይወጣል” አለ በመጨረሻ። “እኔ በሩ ላይ ነኝ። ሩቅ ሆኖ የሚሳለም ሰው ግን ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማዞሩ አይቀርም... መሳለም ደግሞ ይረዝማል።”

ልስመው ምንም አልቀረኝ።

የካቲት 11

ነገሩ ተቆረጠ። ዳውድ የነፋሱን የመሰለ ስልቻ አመጣ። ገለባ ጠቀጠቅንበት። የኛን እንሰቅላለን፣ የሱን እናወርዳለን። ግራዝማች ሥሩ ተቀምጦ ገለባ ሲጠብቅ ይክረም!

አንድ እንቅፋት አለ። ዕለቱ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው፤ ማንም መንሽ አይነካም። ስለዚህ ስልቻው እኔ ቤት ያድራል፣ በማግሥቱ የካሣነሽ አውድማ ላይ አፉን እንፈታዋለን። በምድር ላይ ብዙ ነገር ሰርቄያለሁ። በዓል ግን አልሽርም።

ደመናው ከፍ ብሏል። ላም አይመስልም አሁን።

የካቲት 15

ነገ።

የካቲት 16

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ያመልጠኛል።

ግራዝማች ከነቤተ ሰቡ ወደ ንግሡ ሄደ። አዲስ ባርኔጣ አሠርቷል። ነፋስ የለ፣ ምን ቸገረው! ውባለም እንስራ አዝላ ቀደመች። እኔ የገለባውን ስልቻ ተሸክሜ፣ ጎበጥ ብዬ ተከተልሁ። ግቢው ድግስ የሚሠሩ ሴቶች ሞልተውታል።

“ምንድን ነው አባባ?” አለች አንዷ።

“ጌሾ።”

“ጌሾማ ትናንት ገብቷል!”

“እንግዲያ ዛሬ ጠላችሁ ይመርራላ!”

ሳቁ። አለፍሁ። ይግዛው እልፍኙ በር ላይ ነበር። ሲያየኝ ጀርባውን ሰጥቶ ማማተብ ጀመረ። ከሱ አፍ እንዲያ ያለ ረዥም ጸሎት ሰምቼ አላውቅም።

ውባለም መደቡ ላይ ወጣች። መስቀያውን ፈታች፣ አወረደች፣ የኛን ሰቀለች። አሁን ተሸከም አለችኝ። ወገቤን አጠንክሬ አነሣሁት... ነፋስ ነው ለካ! ወደ ላይ ይጎትተኛል። ስገባ የጎበጠ ሽማግሌ የነበርሁት ሰውዬ ስወጣ በጣቴ የምራመድ ሙሽራ ሆንሁ።

“አቃስት እንጂ!” አለችኝ ውባለም፣ ጥርሷን ነክሳ።

አቃሰትሁ። የበሩን ደፍ ስናልፍ ጠፍሩ ላላ። አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ሾልካ የይግዛውን ማጅራት ነካችው።

ይግዛው ጠመንጃ ቢይዝም ገበሬ ነው። ወር ሙሉ ነፋስ የጠማው ገበሬ ማጅራቱን ሽው ሲለው ምን ያደርጋል? ጸሎቱን አቋርጦ አፏጨ! የአውድማውን ፉጨት፣ ረዥሙን። ሳያውቀው። እኔም ብሆን አፏጭ ነበር።

ነፋሱም ሲጠራ ሰማ።

ስልቻው ትከሻዬ ላይ ተተረተረ። እኔ አጥሩ ሥር ተገኘሁ። የሣር ክዳኑ ተነሣ፣ የተሰቀለው ገለባ በእልፍኙ በር ፈሰሰ፣ ሴቶቹ እልል ይበሉ ይጩኹ አልለየሁም። አጥር ሥር ሲጠብቀን የነበረው ዳውድ ጎትቶ አወጣኝ። ሮጥን። ሦስታችንም፣ ይግዛውም ከኋላችን።

አውድማው ላይ ስንደርስ ካሣነሽ ክምሩ አጠገብ ቆማለች። ነፋሱ ነጠላዋን ያውለበልበዋል። ደስ የሚል፣ ለማንፈስ የተፈጠረ ነፋስ! ግን የዋድላን ደመናም እየነዳ ነው። ጥቁር ሆኗል። ነገ ድረስ አይቆይም። ከንግሡ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በየአውድማው ዳር ቆመ። ማንም መንሽ አላነሣም።

“ጋሼ” አለችኝ፣ “ምን ላድርግ?”

ወደ መንሹ ሄድሁ፣ ሳልነካው ተመለስሁ።

“እጄን ላንሣ ወይ? ልጆቼን አስቤ ባነሣ ኪዳነ ምሕረት ትቀየመኛለች?” ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እጇ ግን አልተነሣም።

ዳውድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ። ወደ ደመናው አየ።

“በዓሉ የናንተ ነው” አለ። “እኔ ዛሬ ምን አለብኝ?”

መንሹን አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ የለካ እጅ! አያቶቹም አባቱም እዚህ አገር ተወልደው፣ እስላም ናቸው ተብሎ መሬት ያልነበራቸው። መንሹን እንደ ክንድ መለኪያ ያዘው።

“ጫማህን! አውድማ በጫማ አይረገጥም!” ብዬ ጮኽሁ። አወለቀ። “ነፋሱን በጎንህ አድርግ! ከፍ! ኧረ ከፍ፣ ጨው መሰለህ እንዴ የምትሰፍረው?” መንሽ ባልነካም አፌን የከለከለ የለም። ወንድሙ በሽር መጣ፣ ከገበያው መንደር ሌሎችም መጡ። እኛ ክርስቲያኖቹ ዳር ቆመን እንጮሃለን፣ እነሱ ያነፍሳሉ። ገለባው እንደ ጉም ሄደ። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ወረደ።

የንስሐ አባታችን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

“አላየሁም አልልም” አሉ። “አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል።”

እነ ዳውድ ከካሣነሽ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ይግዛው አውድማ ተሻገሩ። ያን ጊዜ ግራዝማች መጣ። ባዶ ራሱን። ማንም አልሳቀም። ይግዛው ጠመንጃውን አምጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ግራዝማች ደመናውን አየ። የሱም ገብስ ሜዳ ላይ ነው።

“የእኔስ?” አለ ዳውድን።

ዳውድ ላቡን ጠረገ። “ወረፋ ነው፣ ግራዝማች። ከይግዛው ቀጥሎ።”

ግራዝማች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ።

የካቲት 17

ዝናብ። ከማለዳ ጀምሮ። ገብሱ ግን ጎተራ ነው።

የካቲት 21

ይግዛው በሬውን ለግራዝማች መለሰ። የቀረውን አንዱን በሬውን ከእኔ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሊያርስ ነው። ውባለም ወገዳ አልተመለሰችም፤ ገበያው ዳር ቤት ትፈልጋለች።

ዳውድ መዳፉ ተልጦ መቀስ መያዝ አቅቶታል። ካሣነሽ ቅቤ ይዛ ሄደች፣ እኔም ተከተልሁ። ቅቤውን ከሰጠችው በኋላ አልተነሣችም።

“አያ ዳውድ፣ ከወንዙ በላይ ያለችውን ቁራሽ መሬት ዘንድሮ እርስዎ ይዝሩባት።”

“እኔ? እኔ እኮ መሬት የለኝም።”

“ለዚህ ነው የምልዎ።”

ሚስቱ አዚዛ ከጓዳ “እሺ በላት እንጂ!” ብላ ጮኸች።

ማታውን ዳውድን በዚያችው ቁራሽ መሬት ላይ አገኘሁት። ብቻውን ዳር ዳሩን ይዞራል። ጎንበስ ይላል፣ አፈር ያነሣል፣ ያሸታል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ደግሞ ይዞራል።

ልቀልድበት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት።