ከሰው አናት በላይ የሚበረው ድሮን

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ ጧት

ሌንስ እየወለወልኩ ነው። አቧራው ዛሬም አልቆመም፤ የሳሃፋ መንገድ በሙሉ ስቱዲዮዬ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጣሪቅ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ድሮን! ባለ አራት ሞተር፣ ያገለገለ። ባለቤቱ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው፤ አገር ሊለቅ ስለሆነ ይሸጠዋል። ሞክራችሁ ወስኑ ብሏል።

ጣሪቅን ታውቀዋለህ፣ ደብተሬ። የእትዬ ዘውዴ ልጅ። አባቱ ሱዳናዊ፣ እዚሁ ካርቱም ያደገ፤ ሲናደድ አማርኛው ያልቅበታል። ሰርግ አብረን እንሠራለን፤ እኔ የሴቶቹን ወገን አነሣለሁ፣ እሱ የወንዶቹን። ተጣልተን አናውቅም።

ደንበኛችን ሐጃ ነፊሳ ለልጇ ሰርግ ከላይ የተነሣ ቪዲዮ ካልሆነ አልፈልግም ብላለች። በእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ድሮን ነበረ፤ ከእህቷ ማነስ አትፈልግም። እኔም ጓጉቻለሁ፣ አልዋሽህም። ይህን ከተማ ከላይ አይቼው አላውቅም።

ግን የአንደኛው ክንድ ቀለም ከሌሎቹ ይለያል። የሚሽከረከረው ክንፍም እዚያ ላይ ብቻ አዲስ ነው። ወድቆ ያውቃል እንዴ? አልኩት። ሳቀብኝ።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ጣኢፍ ሄድን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ የጓሮ ሎሚ ጭማቂ አጠጣን። ወድቆ አያውቅም ብሎ ማለ። ክንፉ ለምን አዲስ ሆነ? መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልጆች ሰበሩት አለ። ይሆናል፤ ልጆች ናቸው። በዚህ ሙቀት አብርረኸው ታውቃለህ? በብርድ ጊዜ ነው የማበርረው አለ። ከተበላሸስ? እኔ ያኔ እዚህ የለሁም አለ።

ጣሪቅ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ርክሻው፣ ባጃጁ ውስጥ ገብተን ገና ሳንንቀሳቀስ ጀመረ።

“ወላሂ አሳፈርሽኝ ሂሩት! ሰውየውን እንደ ሌባ መረመርሽው።”

እኔ ሌባ አላልኩም። ልገዛው ነው፤ ልጠይቅ አይደል?

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ጀሪፍ፣ ወንዙ ዳር። ጡብ ሠሪዎቹ በዓርብ ስለማይሠሩ ሜዳው ባዶ ነው። በመጀመሪያው ባትሪ ጥሩ በረረ። ደብተሬ፣ ምን ልበልህ! ዓባይ ከላይ ሲታይ ቡናማ ነጠላ የተዘረጋ ይመስላል። እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ጥርጣሬዬ ሁሉ ጠፋ።

ሁለተኛው ባትሪ። ፀሐይ በርትታለች፣ ነፋስ የለም። ድሮኑ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ሪሞቱ ላይ ቀይ ምልክት በራ። ጣሪቅ ወደ ግራ ይገፋል፣ ድሮኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ገና ታዘዘና ወረደ። ሮጬ ሞተሮቹን ነካሁ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። አራተኛው ጣቴን አቃጠለኝ።

ጣሪቅ፦ ፀሐይዋ ናት።

እኔ፦ ፀሐይዋ ለአራቱም አንድ ናት።

ሦስተኛው ባትሪ ሆዱ አብጧል። እሱን ሊገጥም ሲል እጁን ያዝኩት። “ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም” ይላል። ለእሱ ችግር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ግንቦት 8፣ እሑድ

ከቤ/ክ ስመለስ ወሰንኩ። አንገዛም። ለጣሪቅ ደወልኩ። ቀድሞኛል፤ በራሱ ገዝቶታል። ሐሙስ ጀሪፍ ውስጥ ለብቻው የያዘው ሰርግ አለ፤ እዚያ ሊያበርረው ነው። የማብረሪያ ፈቃዱን የሙሽራው አጎት ያወጣል አሉ። ፈቃድ ሞተር አያበርድም!

ለመንኩት። ሌላ እስክናገኝ ጠብቅ አልኩት። ቀላል ዕቃ ነው፣ ቢወድቅስ ምን ያደርጋል? አለ። አዎ፣ ቀላል ነው። ከዚያ ከፍታ በሕፃን አናት ላይ ሲያርፍስ?

ምናልባት እኔ ፈሪ ነኝ።

ግንቦት 12፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

እንደ ገና ደወልኩ። አያነሣም። ያነሣሁት ፎቶ ሁሉ ደብዛዛ። ስቱዲዮውን ዘግቼ ወደ ጀሪፍ ልሄድ ነው።

ግንቦት 13፣ ዓርብ

ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ወንበር በወንበር ላይ፣ ሕፃናት በየመሀሉ። ጣሪቅ ድሮኑን መሬት አስቀምጦ ክንፎቹን ይዘረጋል። ወደ ጎን ወሰድኩት። ከግቢው ውጪ፣ ባዶው ሜዳ ላይ አብርረው አልኩት። “ያላ፣ ከዚህ ሂጂ፣ ሥራዬን ልሥራበት” አለኝ። ዓይኖቹ የሌላ ሰው ሆኑብኝ።

ወደ ሙሽራው እናት ሄድኩ። ያየሁትን ነገርኳት፦ እንዳዘነበለ፣ እንዳልታዘዘ፣ ሞተሩ እንዳቃጠለኝ። ሴትየዋ እጄን ያዝ አድርጋ ባሏን ጠራች። ባልየው ጣሪቅን በቀስታ ነው ያናገረው፤ ግን ሰው ሁሉ አየ። ጣሪቅ ድሮኑን ቦርሳ ውስጥ መለሰ። ካሜራውን አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሠራ። አንዴም አላየኝም።

ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ግንቦት 15፣ እሑድ

እትዬ ዘውዴ ደወሉ። “ልጄን በሰው ፊት አዋረድሽው! ለእኔ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እናቱ አይደለሁም?” አሉኝ። እሳቸውን ጭራሽ አላሰብኳቸውም።

ከሰዓት ጣሪቅ ቪዲዮ ላከ። ብቻውን ወንዙ ዳር ወስዶ አብርሮታል፤ በቀትር፣ በዚያ ሙቀት። አላዘነበለም። ቀይ ምልክትም የለ። ሥሩ አንድ ቃል ጽፏል፦ “አየሽ?”

አየሁ። ደጋግሜ አየሁ። ያምራል። ምናልባት ያን ቀን እውነትም ፀሐይዋ ነበረች። ምናልባት ዓመታት ይበር ይሆናል። ወይም በሚቀጥለው ሐሙስ ይወድቅ ይሆናል። ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር?

ግንቦት 16፣ ሰኞ

ጧት ሐጃ ነፊሳ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሞተሩ ጣቴን እንዳቃጠለኝ፣ ትናንት ደግሞ በደንብ እንደበረረ፣ ሳልደብቅ። በእኔ በኩል ድሮን አይኖርም፤ ከጎረቤት ፎቅ ጣሪያ ላይ ሆኜ አነሣለሁ አልኳት። ሻይዋን አማሰለች። ከዚያ “ጣሪቅን ልጠይቀው” አለች። ጠይቂው አልኳት። እንግዶቹ የእሷ ናቸው።

ሰርጉን ሳላጣ አልቀርም።

ካህረባው፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ክፍሉ ታፍኗል። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። እነ እትዬ ዘውዴ ቤት ልሄድ ነው፤ ጣሪቅ በዚህ ሰዓት አይጠፋም። ስላስቆምኩት ይቅርታ አልጠይቅም። ነገም ቢሆን አስቆመዋለሁ። በሰው ፊት ስላደረግኩት ግን እጠይቃለሁ፤ እናቱንም፣ እሱንም። በሩን ከከፈተልኝ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው።