የመሰከርኩበት እሑድ

እሑድ፣ የካቲት 15

ከሶደሬ ስመለስ ሚኒባሱ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ባለቤቴ "ሙሉ ለሙሉ ድኗል" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ዛሬ "ጌታ ያደረገልህን መመስከር አለብህ" ብላ ቸርች ወሰደችኝ።

ማይኩን ያዝኩ። ሆስፒታል ውስጥ አልጋዬ ሥር ወለል ላይ ስትተኛ የከረመችውን እሷን በስሟ ጠርቼ ላመሰግናት ነበር። ስሟ ጠፋኝ። አሥራ አራት ዓመት ስጠራው የኖርኩት ስም! እሷ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ እንባዬ መጣ። ፓስተሩ "መንፈስ ቅዱስ ነክቶታል!" አሉ። ሕዝቡ እልል አለ፣ አጨበጨበ። ማይኩን መለስኩና ተቀመጥኩ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዛ፣ "ምን ልትል ነበር የኔ ጌታ?" አለችኝ።

"ተመስገን ልል ነበር" አልኳት።

ቤት እንደገባን እሷ ምሳ ስታሞቅ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ አለ፤ የሠርጋችን ዕለት በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። ሦስቴ አነበብኩት። እዚህ ልጽፈው ደብተሬን ስከፍት ግን እንደገና ጠፋኝ።