ለዶልፊኔ የአባዱላ ቁጥር ለሰጡ ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ደምሴ
የ«ቀጥታ» ተሽከርካሪ ምርመራና የጎማ ማስተካከያ (አላይመንት) ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ኮምፒዩተርዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቀጥ ብዬ መሄድ ብቻ አቅቶኛል።

አስቀድሜ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነቡ አንባቢዎቼ አንዲት ሐፍረት ሹክ ልበል። ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴን መምሬ ምሕረትአብን መንገድ ላይ አይቼ እጅ ለመንሳት መሪውን ለቅጽበት ብለቀው፣ ዶልፊን የምንላት አሮጊቷ ሚኒባሴ ወደ ቀኝ እጥፍ ብላ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። መምሬም ሰማይ ሰማዩን አዩና «በጠዋቱ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ጎማዬ ነው ብል ማን ያምነኛል!

ይህን ክብር ያገኘሁት በማዕከልዎ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ዘመናዊው መሣሪያችሁ መኪናዬን ስላላወቃት አመሰግናለሁ። የሚያውቀው ከአዲሱ ሚኒባስ፣ ከአባዱላ ወዲህ የተወለዱትን ብቻ ነው አሉ። ዕድሜዋን በሰው ፊት ባታነሱባት ግን ደስ ይላት ነበር።

፪. ምናለ የተባለው ባለሙያዎ «ግድ የለም እትዬ፣ ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ የጎማዎቿን አቅጣጫ በአባዱላ የልክ ቁጥር ስላስተካከለልኝ አመሰግናለሁ። እኛ ለጋብቻ እንኳ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እርስዎ ዘንድ ግን ከአንድ ፋብሪካ መወለድ ይበቃል። በዚሁ ስሌት የአክስቴን ልጅ መነጽር አድርጌ ብነዳም ይፈቅዱልኝ ይሆናል።

፫. መኪናዋ ገደል ገደሉን ታያለች ብዬ ስመለስ፣ መሣሪያው ያተመውን ወረቀት ዘርግተው «ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ልክ ነው፤ የተጣመመው አነዳድዎ ነው» ስላሉኝ። ከዚያ ወዲህ የገዛ ቀኝ እጄን እጠረጥረዋለሁ።

፬. ትክክለኛውን ቁጥር ከየት ላምጣ ብል፣ «ከሠራት ፋብሪካ» ብለው ስላሳጠሩልኝ። ጃፓን እኔ ከምኖርበት ከጋይንት ትንሽ ራቅ ይላል፣ ክቡርነትዎ።

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። በመጪው እሑድ የእህቴ የስርጉት ልጅ ቤዛዊት ትዳራለች፤ ሙሽራዋን ወደ እብናት የምታወርዳትም ይህችው ዶልፊን ናት። ቁልቁለቱን ያውቁታል፤ በስተቀኝ ያለውንም ያውቁታል። እባክዎ የራሷን የዶልፊንን ቁጥር ያፈላልጉልን። ከአንድ አሮጌ ጋራዥ መደርደሪያ፣ ከአንድ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ አይጠፋም።

በታላቅ አክብሮት፣ በጥልቅ ትሕትና፣ በመጠኑም ወደ ቀኝ ዘንበል ብዬ፣

አመተማርያም የሺዋስ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ያነበበችው እህቴ ስርጉት «ልጄ በበቅሎ ትሄዳለች!» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ስለዚህ የዶልፊን ጋቢና ባዶ ሆኗል። ቁጥሩ እስከ እሑድ ካልተገኘ፣ በቀኝ በኩል በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ለክቡርነትዎ ተይዟል፤ «አረንጓዴ ነው ካሉ ይቀመጡበታ!» ብላለች እሷው። የምነዳው እኔ ነኝ። እብናት መድረስዎን፣ አለዚያም የደረሱበትን፣ ለአንባቢዎቼ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።