ከቆላ የመጣ አመድ

ይድረስ ለወንድሜ ለሸዋንዳኝ፤ የጓሳ ብርድ ያላቀዘቀዘው የእኔ የእህትህ የእየሩስ ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን።

ገብሱ ተከምሯል። ባለፈው ሰሞን ግን አንተ ካለህበት ከቆላው የመጣ ንፋስ አመድ ነሰነሰበት። መምህር ትዕዛዙ፣ «ከመሬት በታች የቀለጠ ድንጋይ አለ፤ እንፋሎቱ ታምቆ ታምቆ ስንጥቅ ሲያገኝ ተራራውን ፈንቅሎ ይወጣል» ብለው አስረዱን። አባባ «እነሸዋንዳኝ መንገድ ሊሠሩ የሰፈሩበት ከተራራው ይርቃል?» ቢሏቸው፣ መምህሩ ወሬውን ወደ አዝመራው መለሱት።

እማዬ አመዱን ከክምሩ ጠርጋ በቅል አስቀመጠችው። «ጣይው እንጂ!» ብዬ ብቆጣት፣ «ልጄ ካለበት የመጣ ነው» አለችኝ።

ተከልክሎ የቆየው የጓሳ ሣር እንዲታጨድ ተፈቅዶ ሁሉም ድርሻውን አጨደ። አባባም ያንተን ጭምር አጭደው፣ ስትመጣ ለምትሠራው ጎጆ ክዳን ይሆናል ብለው አስቀምጠውታል። እኔ ስልክህ ዝግ በሆነ ቁጥር በስንፍናህ እናደዳለሁ እንጂ ሌላ አላስብም።

ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚወርድ ሹፌር ሰጥቻለሁ። እመቤቴ በጥላዋ ትሰውርህ። መልሱን ሌላ ሰው እንዳይጽፍልህ፤ አንድ መስመርም ብትሆን በራስህ እጅ ጻፋት። የእጅ ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ።