ሻምበል ሞተር ሲቀየርለት

ሰኔ 12 ቀን 1978፣ ጠዋት 1 ሰ.

እጄን በላምባ አጠብኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ ያው ጥቁር ነው። ገጽሽን ካቆሸሽኩት ይቅር በይኝ ደብተሬ፤ ዛሬ ከእኔ ንጹሕ ነገር አትጠብቂ። አሮጌው ሞተር ትናንት ወጣ። እንደታረደ በሬ ግቢው መሃል ተጋድሟል። አርበረከቴ ዳገት ላይ ነው የተሰነጠቀው። መካኒኩ ጋሽ አሰፋ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና አለቀለት አለ። የዚህ ዓይነት የቤንዚን ሞተር አገር ውስጥ የለም። ቢኖርስ? ቤንዚኑ በኩፖን ነው። ስለዚህ ናፍጣ ይገባለታል።

መኪናው ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ፅጌ ናት፣ ገና ሕፃን ሳለች። የጦር ሠራዊት መኪና ስለነበረ፤ ቀለሙም እስከ ዛሬ ያው የወታደር ቅጠልያ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስ። ግን በፊት እግሩም በኋላ እግሩም ይጎትታል። ክረምት ከበደሳ ወዲያ፣ በመቻራ መንገድ፣ ሌላው ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያቃስት እሱ ያልፋል።

ፅጌ መቻራ ናት፣ ከባሏ ጋር። ልትወልድ ነው፤ ለሐምሌ ሥላሴ ግድም። የመጀመሪያውን እዚያው ስታምጥ ሰንብታ ሞቶ ነው የወጣው። እሷም ለትንሽ ተረፈች። ሐኪሙ ሁለተኛውን ያለ ሆስፒታል እንዳታስቢው ብሏታል። ሆስፒታሉ እዚህ እኛ ጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ሳለ፣ በግንቦት፣ ነይ ብዬ ላክሁባት። ቤቴን ለማን ጥዬ፣ ሰኔ ሲጋመስ አንተው በሻምበል ና አለች። ግትር! በማን ወጣች ትላለች እናቷ፣ እኔን እያየች።

ሰኔ 14፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሞተሩ መጣ! ጓደኛዬ ሙሜ፣ የበደሳው ጫት ነጋዴ፣ በጫት መኪናው ጭኖ አመጣልኝ። ከተገለበጠ አውቶቡስ የወጣ ነው። ዝናብ እንዳያገኘው ብሎ መጋዘኑ ውስጥ በቡና ገለባ ቀብሮት ነበር። ባለፈው ሄጄ ሳየው በርጫ ላይ ነበርን። ምርቃናው ሲመጣ ብድግ አልንና ለካነው። ርዝመቱንም ወርዱንም በእኔው ስንዝር፣ እንዳንሳሳት ብለን። የሻምበልንም የሞተር ጎድጓዳ በዚሁ ስንዝር ለክቻለሁ። ልክክ! ሙሜ፣ አቦ ለሱ የተሰፋ ነው፣ ረኮ ሂንቀቡ አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ቤቱ ቢቃጠልም ይህንኑ ነው የሚለው።

ሚስቴ ውድነሽ ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ በምርቃና የተለካ ሱሪም አይሆን ብላ ገባች። ምን ታውቃለች!

ሰኔ 15፣ ማታ

ታውቃለች።

ሦስት ባሕር ዛፍ አናቱን አስረን አቆምን፣ ሰንሰለት ሰቀልን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ግማሹ በኦሮምኛ ያዛል፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ሁሉም አለቃ ነው። ሞተሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ቢገፉት እንቢ፣ ቢወዘውዙት እንቢ። ጋሽ አሰፋ ከሥር ገባ። እየዳሰሰ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። ደሜ የፈላው ያኔ ነው።

የሞተሩ ሆድ ነው ጉዱ። ዘይት የሚጠራቀምበት፣ ኮፓው፣ ወደ ታች ተዘርግፎ የፊት እግሩን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ላይ ተቀምጧል። ያንን ሆድ ማን ለካው? ማንም! ገለባ ውስጥ ነበራ! ሁለት ሽማግሌ ጫት ቅመን የሚታየውን ብቻ ለክተን፣ ተጨባብጠን ተለያየን። ሙሜ ረኮ ሂንቀቡ ሊል አፉን ሲከፍት የያዝኩትን መፍቻ ወረወርኩ። እሱን ሳተው። የውድነሽን የውሃ እንስራ አገኘው።

አሁን ሙሜም አኩርፎ ሄዷል፣ ውድነሽም አታናግረኝም። ሻምበል ሞተሩ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይመታዋል።

ሰኔ 16

ጋ/ አሰፋ መላ አለኝ አለ። የፊት ዲፈረንሻሉን ፈተን እንጣለው፣ ሞተሩ ነገውኑ ይቀመጣል፤ መኪናው እንደ ሰው መኪና በኋላ እግሩ ብቻ ይሂድ። ለአዲስ አበባ መንገድ ምን ያንሰዋል አለኝ።

እኔ አዲስ አበባ ምን አለኝ? የፊት እግሩን የተቆረጠ ሻምበል የመቻራን ጭቃ አያልፍም። ካላለፈ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ለምኔ ነው።

ሌላውስ መንገድ? ኮፓውን ቆርጦ፣ አሳጥሮ መበየድ። ይቻላል። ግን የሚይዘው ዘይት ያንሳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ደርቆ ሊነክስ፣ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ከነከሰ አለቀ፣ መንገድ ላይ ቀረን። ጋሽ አሰፋ፣ እቆርጥልሃለሁ፣ በኋላ ግን አሰፋ ነው ያሳሳተኝ እንዳትል አለ። ቁረጥ አልኩት።

ሰኔ 19

ኦክስጅን የለም። ኮፓው ተቆርጦ፣ ሁለት ቦታ ሆኖ ተቀምጧል፣ የሚበየድበት የለም። ከድሬዳዋ ይመጣል አሉ። ይመጣል፣ ይመጣል። ሻይ ቤት እሄዳለሁ፣ ሻዩን ሳልጨርስ እመለሳለሁ። ሰማዩን አያለሁ፣ በኩኒ በኩል ጠቁሯል። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከድሬ የሚመጣ መኪና እጠብቃለሁ። ያልፋል። ሌላም ያልፋል።

ውድነሽ እኔ በበቅሎ ልሂድ አለች። በዚያ ጉልበቷ! ተጨቃጨቅን። ጮህኩባት። ስትመልስልኝ ግን ቀና አላለችም፤ አሮጌ ነጠላ ለሕፃን መጠቅለያ እየቀደደች ነበር። ያቺን ነጠላ አውቃታለሁ፣ ፅጌ የታዘለችባት ናት። ወጥቼ ሻምበል ውስጥ ተቀመጥኩ።

ፈራሁ፣ ደብተሬ። ላንቺ ነው የምነግርሽ እንጂ ለሰው አልናገርም።

ሰኔ 21፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ያኮረፈው ሙሜ መጣ! መኪናው ከድሬ ባዶውን ሲመለስ የኦክስጅን ሲሊንደር ጭኖ። አዲስ እንስራም ለውድነሽ። ቢስሚላሂ፣ በዚህ ላይ ደግሞ መፍቻ እንዳይወረውርበት ጠብቂው አላት፣ እኔን እያየ። አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ሽማግሌ ሆኜ ሆደ ባሻ ሆንኩ።

ተበየደ። ተቀመጠ። ታሰረ። ቁልፉን ሳዞረው ሁለቴ አቃሰተና ተነሳ! ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ዶሮው ሁሉ አጥር ዘለለ። ሰው አጨበጨበ፣ ውድነሽ እልል አለች።

እኔ ግን ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት። ድምፁ የሻምበል አይደለም። ፅጌ ልጅ ሳለች ገና ከመታጠፊያው በድምፁ ትለየው ነበር፤ ስደርስ በሩ ተከፍቶ ነው። መቻራም ከገባች ወዲያ እንደዚያው። ባሏ ሲነግረኝ፣ እሱ ምንም ሳይሰማ እሷ ሥራዋን ጥላ፣ አባባ መጣ ብላ ትወጣለች። አሁን ይኼ አውቶቡስ ነው። ደጇ ብቆምም ማን ነው ልትል ነው።

ከድሮ ድምፁ የቀረ አሮጌው ጡሩምባ ብቻ ነው፤ እሱን ትለየዋለች። ጋ/ አሰፋ እሱንም ፈቶ ሊጥለው ነበር። የድሮው ባትሪ ስድስት ቮልት፣ የናፍጣው አሥራ ሁለት ነው፤ ይህ ጡሩምባ አይችለውም፣ አንዴ ቢጮኽልህ ነው፣ ከዚያ ይቃጠላል አለ። ይቃጠል፣ እሰረው አልኩት። ለምን ብሎ አፈጠጠብኝ። አልነገርኩትም።

ሰኔ 22፣ ጠዋት 12 ሰ.

ይንጠባጠባል። ከብየዳው ሥር። ጠብ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ጠብ ይላል። ጋ/ አሰፋ አውርደን እንደገና እንበይደው፣ ጥቂት ቀን ታገሠኝ አለ። እሺ ልል ነበር።

ከመቻራ ሰው ደረሰ። እስከ በደሳ በእግሩ፣ ከዚያ በሙሜ ጫት መኪና። የፅጌ ባል ነው የላከው። እግሯም ፊቷም አብጧል፣ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆ/ል አድርሷት ብሏል። በቃሬዛ እንዳያወጧት ወንዙ ሞልቷል፤ መልእክተኛው ራሱ በመከራ ነው የተሻገረው፣ ሻምበል ግን ከፍ ያለ ነው፣ ያልፈዋል።

ጠብታ ስቆጥር አልውልም። እሄዳለሁ።

ሙሜ የዘይት ጀሪካን ከኋላ እየጫነ ነው። በየዳገቱ ራስ እያቆምን እንጨምራለን። ዛሬ ረኮ ሂንቀቡ አላለም። ውድነሽ ነጠላዋን ጉያዋ ይዛ ፊት ተቀምጣለች። ጋሽ አሰፋ ሲሳደብ፣ እብድ ነህ ሲለኝ ቆየ፤ አሁን የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ኋላ ላይ ወጣ። ባልጠራውም መጣ፣ እግዜር ይስጠው።

አንቺን አልወስድሽም ደብተሬ፣ ዝናብ ነው። አሮጌው ጡሩምባ ታስሯል። ላም መንገድ ላይ ትቁም፣ ግመል ይተኛ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እጮሃለሁ እንጂ አልነካውም። እስከ መቻራ አንድም ጊዜ አልነካውም። ደጇ ስደርስ ግን ያቺን አንዷን ጩኸት ለእሷ።