የታረቀም ይቆጠር

ሰኞ ማታ፣ ወልቂጤ
ከቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ የመጣሁበት ስልጠና ቀጥሏል። የአገሪቱ ፖሊስ ሁሉ ወንጀልን በአንድ ዓይነት ስም ይመዝግብ ነው ነገሩ። አሰልጣኙ አንድ ጉዳይ አነበበልን፤ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ተነጠቀች። እኔ ቅሚያ አልኩ። አጠገቤ ያለው ስርቆት። ከኋላ አንዱ ውንብድና። ተሳሳቅን። አሰልጣኙ አልሳቀም። «ታዲያ የእናንተን ሪፖርት ደምሬ ምን ብዬ ልጥራው?» አለ።
ማስታወሻዬ፣ ስንት ዓመት ሪፖርት ስጽፍ ይህን አስቤው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ባል ሚስቱን ቢደበድብ፣ በሽምግልና ቢታረቁም ይመዘገባል ተባልን። አዳራሹ ተንጫጫ። ጣቢያችን የታረቀ አይቆጥርም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቡታጅራ
ወ/ሮ ሙሉነሽ መጣች። በርበሬ ነጋዴ ናት፣ የመስቃን ሰው። ግንባሯ አብጧል። ባሏ ነው። ባለፈው ስትመጣ ሽማግሌ ይግባበት ብለን መልሰናታል። ዛሬም ያው መስሏት፣ ቃሏን ሳትጨርስ ልትነሳ ነበር። ቁጭ በይ እህቴ፣ ድብደባ ብዬ እየመዘገብኩ ነው አልኳት።
«የኔም ይጻፋል?»
ይጻፋል አልኩ። ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ባልየው ተጠርቷል። ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

ሰኞ ጠዋት
ኃላፊያችን ኢንስፔክተር ከድር የወሩን ሪፖርት አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። በወሩ የታረቁትንም ስለጨመርኩበት ድብደባው ከሌላው ወር በብዙ ይበልጣል። ከተማው የተበላሸ ይመስላል፣ ግምገማ ላይ ምን ልበል አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል። የታረቁትን አውጪ አሉኝ። ሪፖርቱን ይዤ ወጣሁ።

እዚያው ቀን፣ አመሻሽ
ተመልሼ ገባሁ። «ኢንስፔክተር፣ ዱላው ድሮም ነበረ። አሁን ገና መቁጠራችን ነው» አልኳቸው። ሪፖርቱን ተቀብለው ገለጡ። ከዚያ የሙሉነሽን ጉዳይ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ባለፈው የመለሷት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ሂጂ እስቲ፣ ልደርበት አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት
ሥራ ሳንጀምር ሰበሰቡን። ከዛሬ ወዲያ የታረቀም ያልታረቀም ይመዘገባል፤ «ግምገማ ላይ መላሹ እኔ ነኝ» አሉ። ሪፖርቱ ሳይነካ ወደ ወልቂጤ ሄደ፣ ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ የሚያስረዳ ደብዳቤያቸው አብሮት። አንዳንዱ ባልደረባ አጉረመረመ። ያጉረምርም።
እኔም ወስኛለሁ። በገበያው ቀን ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ወርጄ ለሴቶቹ እነግራለሁ፤ ብትመጡ እንጽፋለን እላቸዋለሁ። መጀመሪያ በርበሬ ተራ፣ ቀጥሎ እህል ተራ።